እንዳይለምዱን

ወደ ዱር እንስሳት ማገገሚያ ማዕከሉ የሄድኩት እንስሳት ለማየት ነበር። ይህ ምኞቴ ግን ገና በር ላይ ሳለሁ ታረመ። መግቢያው ላይ የተቀበሉን በዕድሜ የገፉ ተንከባካቢ ስልኮቻችንን እንድንዘጋ፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንድንነጋገርና አረንጓዴ ሸራ በተጋረደባቸው አጥሮች ቀዳዳ አጮልቀን ለማየት እንዳንሞክር ካሳሰቡን በኋላ፣ «እዚህ ካሉት እንስሳት አብዛኞቹን አታዩአቸውም። የማታዩአቸው ወደ ዱር የሚመለሱትን ነው። የምታዩአቸው የማይመለሱትን ነው» አሉን።

ማገገሚያ ማዕከል በስሙ ከመካነ እንስሳት ጋር ቢቀራረብም ሥራው ተቃራኒ ነው። መካነ እንስሳት እንስሳውን ለሰው ዓይን ያቀርባል፤ ማገገሚያ ማዕከል ከሰው ዓይን ይሰውራል። ወደዚህ የሚመጡት ደግሞ በአብዛኛው አዳኝ አውሬ ያቆሰላቸው ወይም ዕድሜ የተጫናቸው አይደሉም። መኪና የገጫቸው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያቃጠላቸው፣ ለሌላ እንስሳ የተዘረጋ የሽቦ ወጥመድ እግራቸውን የሸረከተው፣ የመስኮት መስታወት ሰማይ መስሏቸው የተላተሙ፣ የተመረዘ ሬሳ የበሉ፣ ገና ሕፃን ሳሉ ለመጫወቻ ተይዘው ካደጉ በኋላ አስቸገሩ ተብለው የተጣሉ ናቸው። ከእነዚህ ሌላ አንድ ወገን አለ፤ ምንም ሳይሆኑ፣ ሰው አዝኖላቸው ብቻ ከእናታቸው የተለዩ። ስለ እነዚህ በኋላ እመለስበታለሁ፤ የራሴም ታሪክ ከእነሱ ጋር የተያያዘ ነው።

መቀበያ ክፍሉ ውስጥ ስንገባ ያስደነቀኝ ጨለማውና ጸጥታው ነው። የሕክምና ክፍል ሲባል ደማቅ መብራትና ጥድፊያ ነበር የጠበቅሁት። ክፍሉ ግን ሞቅ ያለ፣ ደብዛዛና እንደ ቤተ መጻሕፍት ጭር ያለ ነው። ግድግዳውን ተጠግተው በጨርቅ የተሸፈኑ ሣጥኖች ተደርድረዋል። አዲስ የመጣ እንስሳ ደሙ የሚፈስ ወይም መተንፈስ ያቃተው ካልሆነ በቀር፣ ወዲያው አይመረመርም፤ በሙቀትና በጨለማ ውስጥ ለብቻው ተቀምጦ መጀመሪያ ከድንጋጤው እንዲወጣ ይደረጋል። የእንስሳት ሐኪሟ ምክንያቱን ሲያስረዱን፣ «ለዱር እንስሳ ሰው ማለት አዳኝ ነው። እጃችን ሲያርፍበት እየታከመ መሆኑን አያውቅም፤ የሚጠብቀው መበላትን ነው» አሉ።

ይህ ለማዘን ያህል የተነገረ ቃል ብቻ አይደለም፤ በሰውነት ውስጥ የሚታይ ውጤት አለው። አንድ ድኩላ ወይም ሚዳቋ ተባርሮ ሲያዝና ከእጅ ለማምለጥ ሲንፈራገጥ ጡንቻዎቹ ከአቅማቸው በላይ ይሠራሉ፤ የሰውነቱ ሙቀት ያሻቅባል፣ በጡንቻው ውስጥ አሲድ ይከማቻል፣ የጡንቻው ሕዋሳት መፈራረስ ይጀምራሉ፤ ከፈራረሱት ሕዋሳት የሚወጣው ፕሮቲን ደግሞ በደም አማካኝነት ኩላሊት ደርሶ ይጎዳዋል። አንዳንዱ እንስሳ በተያዘ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። አንዳንዱ ግን ቀናት አልፈው፣ ተረፈ ከተባለ በኋላ ነው የሚሞተው። ይህ ሁኔታ አንዴ ከጀመረ መመለሱ እጅግ ከባድ በመሆኑ፣ ትልቁ ሕክምና እንዳይጀምር ማድረግ ነው፤ ማለትም አለማባረር፣ አለመነካካት፣ ዓይኑን መሸፈን፣ ዝም ማለት። ሐኪሟ አክለውም፣ የፈራ እንስሳ ሁልጊዜ እንደማይንፈራገጥ፣ አንዳንዴ ፍርሃቱ ሲበረታ ፍጹም ዝም እንደሚልና ሰዎች ይህንን ዝምታ መረጋጋት አድርገው እንደሚወስዱት ነገሩን።

ይህን ስሰማ ማስታወሻ የምይዝበት እጄ ቆመ። የ11 ዓመት ልጅ ሳለሁ ረጅም ሣር ውስጥ ተኝታ ያገኘኋትን የድኩላ ግልገል አቅፌ ወደ ቤት ወስጃለሁ። ብቻዋን ስለነበረች እናቷ የሞተች ወይም የጣለቻት መስሎኝ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እየመጡ ዳበሷት። በጀርባዋ አስተኝቼ፣ ለሰው ሕፃን እንደሚደረገው፣ በጡጦ የላም ወተት አጠጣኋት። የመጀመሪያውን ቀን ተንፈራገጠች፤ በሁለተኛው ቀን ዝም አለች፤ በሦስተኛው ቀን ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አሳርፋ አልንቀሳቀስም ስትል «ለመደችኝ» ብዬ በደስታ ለሁሉም ተናገርኩ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሞታ አገኘኋት። ለብዙ ዓመታት ያቺን ግልገል ሳስታውስ የሚመጣብኝ ጭኔ ላይ ያረፈው ጭንቅላቷ ነበር፤ ከሐዘኔ ጋር መጽናኛም ነበረኝ፣ ቢያንስ ከመሞቷ በፊት ወዳኛለች እል ነበርና። ከዚያ ደብዛዛ ክፍል ስወጣ ይህ መጽናኛ አብሮኝ አልወጣም።

ለሐኪሟ ታሪኩን ነገርኳቸው። አልወቀሱኝም። በጀርባው የተኛ ግልገል የሚጠጣው ወተት በቀላሉ ወደ ሳንባ እንደሚገባ፣ የዱር እንስሳት ወተት በስብና በፕሮቲን መጠኑ ከላም ወተት በእጅጉ ሊለይ ስለሚችል የላም ወተት ግልገሎችን ለብርቱ ተቅማጥ እንደሚዳርግ ብቻ አስረዱኝና ወደ ማብሰያው ክፍል ወሰዱኝ። እዚያ ግድግዳው ላይ ለእያንዳንዱ እንስሳ የሚሰጠው ምግብ በግራም ተጽፏል። ከሁሉ በላይ ትኩረቴን የሳበው ግን በረሃብ ተዳክሞ ለመጣ እንስሳ በመጀመሪያው ቀን ምግብ እንደማይሰጠው ማወቄ ነው። መጀመሪያ በሰውነቱ ሙቀት ልክ የሞቀ ፈሳሽ ይሰጠዋል፤ ምግቡ የሚከተለው ቀስ በቀስ፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ድንገት ብዙ ምግብ ሲያገኝ በደሙ ውስጥ ያሉት እንደ ፎስፌትና ፖታሲየም ያሉ ንጥረ ነገሮች በፍጥነት ወደ ሕዋሳት ስለሚገቡ በደም ውስጥ መጠናቸው ያሽቆለቁላል፣ ልብም ሊቆም ይችላል። የራበውን ወዲያው ማጥገብ ሊገድለው ይችላል ማለት ነው።

ከዚያ አንዲት ጉጉት ስትታከም በትንሽ መስታወት በኩል ለማየት ተፈቀደልን። እሾኻማ ሽቦ ላይ ተጠልፋ ነበር የተገኘችው። ቁስሏ ድኗል፣ የቀኝ ክንፏ ትልልቅ ላባዎች ግን መሃላቸው ላይ ተሰብረዋል። ላባ ሙሉ በሙሉ ካደገ በኋላ እንደ ጥፍር ሕይወት የሌለው ነገር ስለሆነ ሲቆረጥ አያምም፤ አዲስ የሚበቅለው ግን አሮጌው በጊዜው ሲረግፍ ብቻ ነው። ጉጉት ላባዋን በሙሉ ለመቀየር ከአንድ ዓመት በላይ ሊፈጅባት ስለሚችል፣ ያን ያህል ጊዜ በአጥር ውስጥ ከምትቆይ ላባ ይተከልላታል። ሥራው በጭልፊት የሚያድኑ ሰዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠሩበት የኖሩት ጥበብ ነው። የተሰበረው ላባ አገዳ ውስጡ ክፍት በሆነበት ቦታ ላይ በጥንቃቄ ይቆረጣል፤ ከሌላ የዚያው ዝርያ ጉጉት የረገፈ፣ ከዚያው ክንፍና ከዚያው ተራ ቁጥር የሆነ ላባ ይመረጣል፤ ሁለቱን የሚያያይዝ ቀጭን የቀርከሃ ስንጥቅ ተጠርቦ ግማሹ በአንደኛው፣ ግማሹ በሌላኛው አገዳ ውስጥ ገብቶ በማጣበቂያ ይጸናል። ሐኪሟ ጎንበስ ብለው አምስተኛውን ላባ ሲተክሉ ረዳታቸው የጉጉቷን እግሮች በጓንት ይዛ፣ ፊቷን በጨርቅ ሸፍና፣ ለደቂቃዎች እንኳ ቃል አልተነፈሰችም። የተበደረቻቸው ላባዎች የራሷ እስኪበቅሉ ድረስ ያበሯታል፤ ጊዜው ሲደርስ እንደ ማንኛውም አሮጌ ላባ ይረግፋሉ።

የረገፉ ላባዎች የሚቀመጡበትን መሳቢያ ተንከባካቢው ከፍተው አንዱን በእጄ እንድይዝ ሰጡኝ። የፊት ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በቀጫጭን ክሮች የተደረደረ ነው፤ ጉጉት ስትበር ክንፏን የሚመታው ነፋስ በእነዚህ ጥርሶች ስለሚበጣጠስ ድምፅ አይሰማም። ላባውን በአየር ላይ ደጋግሜ ባወዛውዘውም ምንም አልሰማሁም። «ይህ ጠርዝ ከተበላሸ አይጦቹ ይሰሟታል፤ ከሰሟት ትራባለች» አሉኝ። አንዲት ጉጉት ዳነች የሚባለው ስለበረረች ብቻ አይደለም፤ ድምፅ ሳታሰማ መብረርና በጨለማ ውስጥ የራሷን ምግብ ማደን መቻሏ ለብዙ ሌሊት ተፈትኖ፣ ክብደቷም በየጊዜው ተመዝኖ ነው።

ጫጩት ሆነው የሚመጡት ደግሞ ሌላ ፈተና አለባቸው። ኦስትሪያዊው ተመራማሪ ኮንራድ ሎሬንዝ የዝይ ጫጩቶች ከእንቁላል እንደወጡ መጀመሪያ ያዩትን የሚንቀሳቀስ አካል እናታቸው አድርገው እንደሚከተሉ በሥራው አሳይቷል፤ በእንስሳት ጠባይ ላይ ባደረገው ምርምርም እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤልን ሽልማት ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር ተጋርቷል። ማዕከሎች ከዚህ የተማሩት ነገር ተግባራዊ ነው፤ የሰው ፊት እያየ የሚጎርስ ጫጩት ራሱን ከሰው ይቆጥራል፣ ሲያድግም ከወገኑ ጋር መኖርም መራባትም ሊያቅተው ይችላል። ጥንብ የሚበላው ትልቅ ወፍ፣ የካሊፎርኒያ ኮንዶር፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በዓለም ላይ የቀሩት 27 ብቻ ሆነው ሁሉም ተይዘው እንዲራቡ ሲደረግ፣ ጫጩቶቹን የሚመግቡ ሰዎች ከመጋረጃ በስተጀርባ ተሰውረው የኮንዶር ጭንቅላት የሚመስል አሻንጉሊት በእጃቸው አጥልቀው ነበር የሚያጎርሱት። ያም ሆኖ ከተለቀቁት መካከል ወደ ሰዎችና ወደ ኤሌክትሪክ ምሰሶዎች የሚቀርቡ ስለተገኙ፣ ቀጣዮቹ ከመለቀቃቸው በፊት ሲያርፉበት ቀላል ንዝረት የሚሰጥ የማስመሰያ ምሰሶ ተተክሎ ምሰሶን እንዲሸሹ ተምረዋል። እኛ የጎበኘነው ማዕከል እንዲህ ያለ አቅም የለውም፤ ግን እዚያም አንዲት ወጣት ሠራተኛ ፊቷን በጨርቅ ተከናንባ፣ በመጋረጃ ቀዳዳ ረጅም ወረንጦ አስገብታ አንድ የንስር ጫጩት ስትመግብ አይቻለሁ። ጫጩቱን አላየሁትም። ያየሁት የወረንጦውን መመለስና የልጅቱን ዝምታ ነው። ከመጣ ጀምሮ በየቀኑ አምስት ጊዜ የምትመግበው እሷ ናት፤ እስካሁን ግን ፊቷን አያውቀውም።

በአንጻሩ ያየናቸው ጦጣዎች ፊታችንን በደንብ ያውቁታል። አንደኛዋ ከአጥሩ ሥር ሆና እጇን ዘረጋችልን፤ አብሮኝ የነበረ ጎብኚ በደስታ እጁን ሊሰጣት ሲል ተንከባካቢው በትሕትና ከለከሉት። ጦጣዋ ሕፃን ሳለች እናቷ ተገድላ የተወሰደች፣ ልብስ ለብሳ ከሰው ልጆች ጋር ያደገች ናት። ዕድሜዋ ሲጨምርና መንከስ ስትጀምር የውሻ ጥርሶቿ ተነቀሉ፤ ያም አልበቃ ሲል ታስራ ቆየች፤ በመጨረሻ ወደዚህ መጣች። ጥርስ የሌላት ጦጣ በመንጋ መካከል ራሷን መከላከል አትችልም፤ የወገኖቿን ምልክትም አልተማረችም፤ ሌላ ጦጣ ፊቷን ሲያኮሳትርባት ቁጣው አይገባትም። በአካሏ ጤነኛ ብትሆንም አትለቀቅም። ሌሎቹ፣ ጥርሳቸው ያልተነካና በጊዜ የመጡት፣ ከሸራው ማዶ እርስ በርሳቸው እንዲለማመዱ ተደርገው መንጋ በመመሥረት ላይ ናቸው፤ ጦጣ ለብቻው ተለቅቆ ስለማይኖር፣ መጀመሪያ ቤተሰብ ሊሠራለት ይገባል። ድምፃቸውን ሰማን። ጦጣዋም ጆሮዋን ወደዚያ አዙራ ነበር፤ እጇን ግን ከእኛ አላነሳችም።

መራቅ ግን ለሁሉም እንስሳ የሚሠራ ሕግ አይደለም። ዝሆንን የመሰለ፣ ያለ ፍቅር መኖር የማይችል እንስሳ አለ። በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ወላጅ አልባ ግልገል ዝሆኖችን የሚያሳድገው የሼልድሪክ ድርጅት ተንከባካቢዎች ሌሊት ከግልገሎቹ አጠገብ ይተኛሉ። ይሁንና ግልገሉ አንድን ሰው ብቻ ወድዶ ያ ሰው ሲለየው በሐዘን እንዳይሞት ተንከባካቢዎቹ በተራ ይቀያየራሉ፤ ለጎብኚ የሚፈቀደው ጊዜም በቀን 1 ሰዓት ብቻ ነው። ግልገሎቹ ካደጉ በኋላ ጻቮ በተባለው ሌላ የኬንያ ፓርክ ከዱር መንጋዎች ጋር ለመቀላቀል ዓመታት ይወስድባቸዋል፤ አንዳንዶቹ ከተቀላቀሉ በኋላ በዱር የወለዷቸውን ግልገሎች ይዘው ወደ አሳዳጊዎቻቸው ብቅ ይላሉ። እዚህ ፍቅሩ አይደበቅም፤ እንዲከፋፈል ነው የሚደረገው። ሐኪሟን ስለዚህ ስጠይቃቸው፣ ሙያው አንድ መመሪያ እንደሌለውና እያንዳንዱ ዝርያ «ከሰው ምን ያህል ይበቃኛል» የሚለውን ራሱ እንደሚወስን ነገሩኝ።

ሐኪሟ ስለ ሞትም ሳይሸፋፍኑ ነገሩን። በዚያው ጠዋት የኤሌክትሪክ ሽቦ የመታውን አንድ ጥንብ አንሳ ያለ ሥቃይ እንዲሞት አድርገዋል። የኤሌክትሪክ ቃጠሎ አታላይ ነው፤ ወፉ ሲመጣ ክንፉ ጤነኛ ይመስላል፣ ከቀናት በኋላ ግን የደም ሥሮቹ የተቃጠሉበት ክፍል እየጠቆረ ይሞታል። ክንፉ ቢቆረጥ በሕይወት ይቆይ ነበር። ነገር ግን በሰማይ ላይ በአንድ ቀን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሊያካልል የሚችል ወፍ፣ በአራት ሜትር አጥር ውስጥ፣ በየቀኑ በሚፈራው ሰው እየተመገበ ሠላሳ ዓመት ሊኖር ይችላል። «ለእኔ ብዬ ባቆየው ኖሮ፣ በሕይወት ያለ ነገር ስለማይ ደስ ይለኝ ነበር። የእሱን ሕይወት ነው መመዘን ያለብኝ» ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅሯል። በዚህ ውሳኔ የሚቆጡ ጎብኚዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ከጭኔ ላይ ስላረፈው ጭንቅላት እያሰብኩ ስለነበር፣ ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ለመውጣት ስንዘጋጅ አንድ ሰው ካርቶን ታቅፎ እየተጣደፈ ገባ። ካርቶኑ ውስጥ የድኩላ ግልገል ነበረች። ሐኪሟ ክዳኑን በጣት ስፋት ያህል ብቻ ከፍተው አይተው መልሰው ዘጉትና ጥያቄ ጀመሩ፤ የት አገኛት፣ በስንት ሰዓት፣ ተኝታ ነበር ወይስ ትቅበዘበዝ ነበር፣ ስትጮህ ሰምቷል ወይ፣ አጠገቧ የሞተ እንስሳ ነበር ወይ። ሰውየው ጠዋት ሣር ሲያጭድ ተኝታ እንዳገኛት፣ ምንም ድምፅ እንዳላሰማች፣ አጠገቧም ምንም እንዳልነበረ መለሰ። ቁስል የለባትም፣ ዝንብ አልወረራትም፣ ሆዷም ሙሉ ነው። ሐኪሟ በለሰለሰ ድምፅ፣ ድኩላ ግልገሏን ሣር ውስጥ ደብቃ ለሰዓታት እንደምትርቅ፣ የምትርቀውም የራሷ ጠረን አዳኝን ወደ ልጇ እንዳይመራ መሆኑን፣ ግልገሏም እናቷ እስክትመለስ ድረስ ዝም ብላ መተኛትን ስትወለድ ጀምሮ እንደምታውቅ ነገሩት። «ታዲያ ሰው ነክቷት እናቷ አትጠላትም ወይ?» አለ ሰውየው፤ ድምፁ ውስጥ የነበረው ጭንቀት የእኔው ነበር። «አትጠላትም። አሁኑኑ ወደዚያው ቦታ ከተመለሰች እናቷ እየፈለገቻት ነው የምትሆነው» አሉት።

ካርቶኑ በጨርቅ ተሸፍኖ ወዲያው መኪና ላይ ተጫነ። ያ አዛውንት ተንከባካቢ ከሰውየው ጋር ሊሄዱ ሲነሱ አብሬያቸው እንድሄድ ለመንኳቸው። ለምን እንደለመንኳቸው የገባቸው ይመስለኛል፤ ትከሻዬን ይዘው፣ «ልጄ፣ እዚያ የሚሄደው ሰው በቁጥር ባነሰ መጠን እናቲቱ ቶሎ ትመጣለች» አሉኝ። ቀረሁ። ሰውየው ያገኘበትን ቦታ አሳይቶ ተመለሰ፤ ተንከባካቢው ብቻቸውን ነፋሱ ከእሳቸው ወደ ግልገሏ በማይነፍስበት አቅጣጫ ርቀው ተቀምጠው በርቀት ማያ መነጽር ሲጠብቁ ዋሉ።

ማታ ቤቴ ሆኜ ስልኬ ላይ የመጣውን አጭር መልእክት ደጋግሜ አነበብኩት። «ሊጨልም ሲል እናቲቱ መጣች። ግልገሏ ቆማ ጠባች። ከዚያ ሣሩ ውስጥ ገቡ፤ ሌላ አላየሁም።»